ስምንት ኦም እምቢታ

ሪሲቨር ነው ሲሉኝ የዲሽ መስሎኝ ነበር፤
ዑመር ከጅቡቲ፥ ከወንበሩ በስተሥር፥
በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሐረጎን ሲያሻግር፥
ሲያየው ነው ያደረ፥ እንደ አራስ ልጅ ነገር።

ከፊቱ አንድ ቁልፍ፥ ከጀርባው ቀዳዳ፤
ቀይ ከጥቁር ጥንድ ጥንድ፥ እንደ ሰርግ ሚዜ የተሰናዳ።
ሁለት ስፒከር ነበር አብሮ ያመጣልኝ፤
ለጎረምሳ በቂ፥ ለኔ ግን አነሰኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፥
ማሽኑ ጆሮዬን እንደ ፈትል ሲመዝ፥ ክር ክሩን ሲያደርቅ፥
ደመወዙን ሰጥቶኝ መስማቴን ወሰደ፤
አሁን ሰው ሲያወራኝ፥ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚታየኝ፥ ቃሉ የት ወረደ?

ስለዚህ ከፒያሳ አሮጌ ሳጥኖች ሦስት ጥንድ ገዛሁ፤
ለጓዳ፥ ለመኝታ፥ ለበረንዳም ብዬ ሽቦውን አበዛሁ።
ሸማኔ ነኝ እኔ፥ ከድርና ማግ ወዲያ ምኑን አውቃለሁ?
ቀዩን ሁሉ ከቀይ፥ ጥቁሩን ከጥቁር አጥብቄ ፈተልኩ፥
እንደ ክር በመርፌ በጠባቧ ዓይን አሳልፌ ከተትኩ።

ወይ የዚያ ቀን ማምሻ!
ድምፁ ከየግንቡ እንደ ምንጭ ፈለቀ፤
የድስቱ ክዳን እስክስታ ወረደ፥ ብርጭቆው ሳቀ።
እኔም መዳፌን ከሳጥኑ ደረት አኑሬ ቆየሁ፤
ጆሮ የነፈገኝን በክንዴ ሰማሁ።

ሁለት ዘፈን ሳይሞላ
አንዳች ነገር ሸተተ፥ የተቃጠለ ጎማ ዓይነት፤
ሽፋኑን ብነካው እንደ ካውያ ፈጀኝ።
ቀይ መብራት ሁለቴ ጠቀሰ።
ቀጭ።
ከዚያ ወዲያ ዝም።
በመስኮቱ በኩል የጦሳ ጉም ብቻ፥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ።

ጦይባ በሩን ከፈተች፤ አንኳኩቶ ኖሯል ሰው።
ጋሻው ነው! በፍሳሽ የተጣላሁት፥ የአጥር ጎረቤቴ፥
አምስት ዓመት ሙሉ፥ ሲያስነጥስ እንኳ ‹‹ይማርህ›› ያላልኩት።
ባትሪውን ወደ መሬት፥ ነጠላውን ለለቅሶ አዘቅዝቆ፥
ከንፈሩን በብርሃኑ አየሁት፤ ይላል ተጨንቆ፦
‹‹ቴፑ ድንገት ሲጠፋ…
ሰው ያረፈ መስሎኝ።››

በነጋታው መጣች ነጂማ፥ ከፖሊ ቴክኒኩ የወጣች፥
መፍቻዋን በጆሮዋ ላይ እንደ እርሳስ ሰክታ፥ ጀርባውን ከፈተች።
ጮክ ብላ ነገረችኝ፥ ሰፈር እስኪሰማ፦
‹‹ጋሼ፥ ኦም ማለት እምቢታ ነው፤ ይስሙኝማ!
እያንዳንዱ ሳጥን ስምንት እምቢታ አለው በደረቱ፤
ሁለት ጎን ለጎን ከቆሙ ግን፥ አራት ነው ውጤቱ፤
አራት ከቆሙማ ሁለት ብቻ ቀረ፤
በቃኝ የሚል ጠፍቶ፥ እሱም እንካ ሲል ነው ውስጡ የነፈረ።››

ሁለት ሁለቱን ሳጥን በወረፋ አቆመች፥ አንዱን ካንዱ ኋላ፤
ስምንት ከስምንት ሲደመር አሥራ ስድስት ሞላ፤
ሁለቱን ወረፋ ጎን ለጎን ስታጋጥም
ተመልሶ ስምንት። በሒሳብ አልገባኝም፤
ግን ድር በርዝመት ሄዶ፥ ማግ በጎን መግባቱን
ለእኔ ማን ያስተምራል?
ገባኝ።

የበረንዳውን ጥንድ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞርኩት።
ጦይባ አየችና ምንም አላለችም፤
እኔም አላብራራሁ።

ድምፁ እንደ ያን ዕለት አይደል፥ ለዘብ ብሏል ትንሽ፤
ፍሳሹም እዚያው ነው፥ የጋሻውን አጥር የሚያበላሽ።
ሰላም አልተባባልንም።
ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፥ ቁልፉን ሳጠፋ ብቻ፥
በረንዳ ላይ ወጥቼ ጮክ ብዬ እስላለሁ፥
ነጠላውን ደግሞ እንዳያዘቀዝቅ።
ወደ ቤት ስመለስ ጦይባ ክንዴን ነክታ፥
ከንፈሯን በደንብ ከፍታ፥
‹‹እሱም ሳለ›› ትለኛለች።